ሌሊት የሚያለቅሰው ልጄ ነው ወይስ ጋሼ?

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣

ችግሬ ለሰው ሲነገር ያስቃል። እኔን ግን እያስለቀሰኝ ነው።

ከማግባቴ በፊት ጀምሮ ያሳደግኩት ግራጫ በቀቀን አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስሙን «ጋሼ» ያልኩት ወሬ ሲጀምር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ስለሚጠርግ ነው። ብቻዬን ስኖር ጓደኛዬ እሱ ነበር። ከሥራ ስገባ ገና የቁልፉን ድምፅ ሲሰማ «መጣሽ?» ይለኛል። ትከሻዬ ላይ ወጥቶ አብረን ፊልም እናያለን። ጀርባውን ስደባብሰው ደስ ብሎት ክንፉን ዝቅ አድርጎ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴን ሳገባም ችግር አልነበረም። ብዙም ባይዋደዱ ይከባበሩ ነበር።

ከአምስት ወር በፊት ወለድኩ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሌላ ወፍ ሆነብኝ። መጀመሪያ ባለቤቴን መንከስ ጀመረ። እኔ አጠገብ ቁጭ ካለ ከትከሻዬ ተነስቶ ይሄድበታል። ባለፈው ወር ጣቱ ተሰፍቷል። ቀጥሎ የልጄን ለቅሶ ቀዳ። ቀዳ ስል አስመሰለ ማለቴ አይደለም፤ ቁርጥ ራሱ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብድግ ብዬ ስሮጥ ልጄ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል። የሚያለቅሰው ጋሼ ነው። ስደርስ ዝም ይልና «መጣሽ?» ይለኛል።

አሁን ደግሞ የደረቱን ላባ እየነጨ ነው። ጠዋት ከኬጁ ሥር የምጠርገው ላባ እፍኝ ይሞላል። ደረቱ ላይ ባዶ ቆዳ መታየት ጀምሯል። አንዳንዴ የበላውን እጄ ላይ መልሶ ይተፋብኛል። ታሞ ይሆን እላለሁ፤ ግን የሱፍ ፍሬውን እንደ ድሮው ጥርግ አድርጎ ይበላል። ሌላ ምግብ ሞቶም አይነካ።

አማቴ ሊያግዙን አብረውን ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን «ወፉ ቀንቷል፤ ልጁን አንድ ነገር ሳያደርገው ለሰው ስጪው» ይላሉ። ጩኸቱ እንዳይረብሸን ብለውም ኬጁን ኩሽና አስገብተውታል። ባለቤቴ ምንም አይልም። ዝምታው ከንግግር በላይ ይከብደኛል። ትናንት ሌሊት ኬጁን በጨርቅ ሸፍኜ «ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት። ከጨርቁ ሥር በራሴ ድምፅ «ዝም በል!» አለኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከመረጥኩ ልጄን ነው፤ ጥያቄ የለውም። ግን ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የኖረን ፍጡር እንደ አሮጌ ዕቃ አንስቼ ልስጥ? በእውነት ቀንቶ ነው? ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣችው እናት

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛው ላይ ግን «መጣሽ?» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ድሮ ከሥራ ስትገቢም፣ አሁን ሌሊት እየሮጥሽ ስትደርሺም፣ ጋሼ የሚጠይቅሽ ያችኑ ነው። እመለስባታለሁ።

ከዚያ በፊት ለነገ የማይባል ነገር አለ። ኬጁን ከኩሽና አውጡት። አማትሽ በክፋት አላደረጉትም፤ ወፍ የሚያሳድግ ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ የማያውቀው ነገር ነው። ምግብ እንዳይጣበቅበት በቴፍሎን የተለበጠ መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ ሲግል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታው ላይታወቃችሁ ይችላል። ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ጉንፋን የሚል ስሜት ነው የሚያመጣው። ወፍን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር የተያያዘ ነው፤ አየር ውስጥ ያለውን ነገር ከእኛ በፈጠነ መንገድ ወደ ደም ያስገባል። ድሮ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ ወፍ ይዘው ጉድጓድ የሚወርዱት ለዚሁ ነበር። መርዛማ ጋዝ ካለ ቀድማ የምትወድቀው እሷ ናት። እንግሊዝ አገር ይህ አሠራር እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ቆይቷል። የሲጋራ ጭስና ቤት ውስጥ የሚረጭ ሽቶም ለጋሼ ጥሩ አይደሉም። ለልጅሽም እንዲሁ።

አሁን ወደ ቅናቱ እንምጣ።

አማትሽ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። በቀቀን ስሜት ያለው ፍጡር ነው። ግን «ቀንቷል» የሚለው ቃል ለአንቺ የሚፈይድልሽ ነገር የለም። ቀንቷል ካልን ልጁ ባላንጣው ሆነ፤ አንቺም መሃል ላይ የቆምሽ ዳኛ ሆንሽ። እስቲ ነገሩን ጋሼ ከሚቆምበት እንጨት ላይ ሆነን እንየው።

ግራጫ በቀቀን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ወፍ ነው። ማታ ማታ በመቶ እየሆኑ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ያድራሉ። ጠዋት ሲበታተኑ፣ ማታ ሲገናኙ ይጠራራሉ። «አለሁ፤ አንተስ?» እንደማለት ነው። መልስ ያጣ ወፍ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ብቻውን የቀረ ለአዳኝ ቅርብ ነዋ። ጋሼ ኬጅ ውስጥ ቢያድግም ይህ ደሙ ውስጥ አለ። መንጋው ደግሞ አንቺ ነሽ። አንቺ ብቻ።

ዘጠኝ ዓመት ሲጠራሽ ትመልሺለት ነበር። ከአምስት ወር ወዲህ ጠራ፤ ዝም። አፏጨ፤ ዝም። «መጣሽ?» አለ፤ ማንም የለም። በዚህ መሃል ቤቱ ውስጥ አንድ አዲስ ድምፅ መጣ። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንቺ እየሮጥሽ ትመጫለሽ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ሻወር ውስጥም ብትሆኚ። አንድም ቀን ቀርተሽ አታውቂም። አንቺ ጋሼን ብትሆኚ የትኛውን ድምፅ ትማሪያለሽ?

ሞከረው። ሠራለት። ሮጠሽ መጣሽ። እሱም «መጣሽ?» አለሽ።

በቀቀን እንዲህ ያለውን ነገር ለመማር ጭንቅላቱ አያንሰውም። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ከቤት እንስሳት መሸጫ የገዛችው አሌክስ የሚባል ግራጫ በቀቀን ነበር። ከ100 በላይ ቃላት ያውቃል፣ ቀለም ይለያል፣ እስከ ስድስት ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ። እኔን የሚገርመኝ ቆጠራው አይደለም። ፈተናው ሲሰለቸው «መመለስ እፈልጋለሁ» ይል ነበር፤ ወደ ኬጁ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው እንግዲህ አሁን የኩሽና ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚውለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ዝም ማሰኘት አይደለም፤ የተሻለ መጥሪያ መስጠት ነው። አጭር ፉጨት ምረጪ፤ ሁለት ኖታ ይበቃል። ልጅሽን እያጠባሽም፣ ልብስ እያጠፍሽም፣ ሌላ ክፍል ሆነሽም ጋሼ በደህናው ድምፁ ሲጠራሽ በዚያ ፉጨት መልሺለት። መሄድ የለብሽም፤ መልሱ ብቻ ይበቃዋል። እሱም ፉጨቱን ሲመልስልሽ አንዳንዴ ብቅ በይና ቃል ተናገሪው። ለቅሶውን ሲያሰማ ግን አትምጪ፣ አትመልሺ፣ አትቆጪም። ቁጣም ለእሱ መምጣት ነው። «ዝም በል!» የሚለውን በአንድ ሌሊት የተማረው እኮ በስሜት ስለተናገርሽው ነው። በቀቀን ስሜት ያዘለ ቃል ቶሎ ይይዛል። ለዚህ ነው ስድብ ከማንኛውም ሰላምታ ቀድሞ የሚገባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ለቅሶው መሥራቱን ሲያቆም መጀመሪያ ይብሳል። የምትታወቅ ማብሪያ ማጥፊያ እምቢ ስትልሽ ደጋግመሽ ጠቅ ጠቅ እንደምታደርጊያት ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠሽ ወደ እሱ ከሄድሽ የተማረው ነገር «የበለጠ መጮህ ያዋጣል» የሚል ይሆናል። «ታዲያ ልጄ ቢሆንስ?» ትይኛለሽ፤ ልክ ነሽ። ስለዚህ ልጁን ለማየት በጋሼ ፊት ማለፍ የማያስፈልግሽ መንገድ ፍጠሪ። የሕፃን መቆጣጠሪያ መሣሪያ ካላችሁ በስክሪን ታዪዋለሽ። ከሌላችሁ የጋሼን ማደሪያ ከመተላለፊያው አርቁት።

ማደሪያውን ካነሳን አይቀር፣ እኔ ትልቁ ችግር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ጋሼ አይተኛም።

የእሱ ዘመዶች የሚኖሩበት አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እናንተ ቤት ግን ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ መብራት በየሁለት ሰዓቱ ይበራል። ጡት፣ ዳይፐር፣ ለቅሶ፣ እንደገና መብራት። እንቅልፍ ያጣ በቀቀን እንደ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ ቁጡ ይሆናል። ከዚያ የከፋው ደግሞ የረዘመ ብርሃን ለብዙ ወፎች «የመራቢያ ጊዜ ደረሰ» የሚል መልእክት መሆኑ ነው። ሆርሞኑ ይነሳል።

አሁን የጻፍሽልኝን ነገር መልሰሽ አስቢው። ጀርባውን ስትደባብሺው ክንፉን ጥሎ ይንቀጠቀጣል። የበላውን እጅሽ ላይ ይተፋል። አጠገብሽ የተቀመጠን ወንድ ይነክሳል። እህቴ፣ የሚተፋው ታሞ አይመስለኝም። አግብቶሻል።

ቀልድ አይደለም። በቀቀን ለጥንዱ ምግብ ከጉሮሮው አውጥቶ ያጎርሳል። ጀርባ፣ ጭራ ሥርና ከክንፍ በታች መነካካት በወፍ ቋንቋ የአልጋ ነገር ነው። ራስና አንገት ላይ ማከክ ግን የወዳጅ ነው፤ እሱን አይከለከልም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ከአንገቱ በታች አይውረድ። ሲተፋብሽ አትሳቂ፣ አትቆጪ። ቀስ ብለሽ መልሰሽ እንጨቱ ላይ አስቀምጪውና ዞር በይ። ኬጁ ውስጥ ጨለማ ያለ ጥግ፣ ካርቶን ቤት ወይም ሊሸጎጥበት የሚችል ጨርቅ ካለ አውጪው፤ ጎጆ መሥሪያ ይመስለዋል። (በነገራችን ላይ ጋሼ ወንድ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ግራጫ በቀቀን ወንዱና ሴቱ በዓይን አይለይም። በዲኤንኤ ምርመራ ነው የሚታወቀው፤ ለዚያ ደግሞ የተነቀለ ላባ ይበቃል። ላባ እንደሆነ አልቸገራችሁም። አንድ ቀን ጋሼ እንቁላል ቢጥል እንዳትደነግጡ።)

ለእንቅልፉ ማታ ማታ ሰው የማይመላለስበት ጨለማ ክፍል ስጡት። ለማደሪያ ብቻ የምትሆን ትንሽ ኬጅ ብትኖር ይቀላል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት አስገብታችሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ይውጣ። አሥር ሰዓት እንኳ ሳይቆራረጥ ቢተኛ ትልቅ ለውጥ ነው። ይህን ሥራ ለአማትሽ ብትሰጫቸው ምን ይመስልሻል? ጩኸቱን ለመቀነስ መፍትሔ ሲፈልጉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። መብራቱን አጥፍተው በሩን ገርበብ ሲያደርጉ ጆሯቸውን ጣል ያድርጉ። ምቾት የተሰማው በቀቀን እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ምንቃሩን ያፋጫል። ሁለት ትናንሽ ጠጠሮች በቀስታ ሲታሹ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ያንን ከሰሙ ጋሼ ደህና ነው።

ባለቤትሽና ጋሼ ደግሞ መታረቅ አለባቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ በነጻ እየታደለ ነው፤ የሱፍ ፍሬ። የሱፍ ፍሬ ለበቀቀን እንደ ከረሜላ ነው። ስቡ ብዙ፣ ቫይታሚን ኤው ትንሽ፣ ካልሲየሙም ትንሽ። ግራጫ በቀቀን ደግሞ በካልሲየም እጥረት የሚታወቅ ወፍ ነው። ሲብስበት ይንቀጠቀጣል፣ ከእንጨቱ ይወድቃል። ስለዚህ ሱፉ ቀስ በቀስ ከሳህኑ ይውጣና ደመወዝ ይሁን። ከፋዩ ደግሞ ባለቤትሽ ብቻ። አንቺ አንዲት ፍሬ አትስጪው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ጋሼ ኬጁ ውስጥ እያለ ባለቤትሽ በዚያ ሲያልፍ ሳይቆም አንዲት ፍሬ ሳህኑ ውስጥ ጣል አድርጎ ይሂድ። ሌላ ምንም። በቀን አሥር ጊዜ ቢሆን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ ሲያየው ወደ ሽቦው ይጠጋል። ያኔ ቀጭን እንጨት ያሳየው። ጫፉን በምንቃሩ ነካ ሲያደርግ ፍሬ። እንጨቱን ትንሽ ፈቀቅ፣ ነካ፣ ፍሬ። እጅ ሳይነካካ ወዲህ ና ወዲያ ሂድ መባባል ይጀምራሉ። የተሰፋው ጣት እስኪድን ይህ ለሁለቱም ክብር ነው።

ዓይኑንም ማንበብ ይልመድ። በቀቀን ሊነክስ ሲል አይደብቅም፤ እኛ ነን የማናይ። የዓይኑ ብሌን ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ይላል። የማጅራቱ ላባ ይቆማል። ሰውነቱ ድርቅ ይላል። እዚህ ጋ እጅ አይዘረጋም። ትከሻሽ ላይ ሲሆን ግን ይህን ማየት አትችዪም፤ ፊትሽና ጆሮሽም ለምንቃሩ ቅርብ ነው። ስለዚህ ትከሻ ለጊዜው ቀርቷል። ፊልሙን ለብቻው ማቆሚያ እንጨት ላይ ሆኖ ይይ።

ነክሶ ከሆነም አትጩሁ። እኔ ቤት የነበረችው አረንጓዴ በቀቀን በነከሰችኝ ቁጥር «ኧረ!» ብዬ እጮህ ነበር። ኋላ ላይ እሷው ቀድማ «ኧረ!» ትልና ትነክሰኝ ጀመር። ለእሷ የጨዋታው ስም ነበር።

ላባ መንጨቱን ግን በምክር ብቻ አላልፈውም። የሆርሞን፣ የመሰላቸትና የእንቅልፍ ማጣት ነገር ሊሆን ይችላል፤ የሚመስለኝም ይኸው ነው። ነገር ግን የቆዳ በሽታ፣ ጥገኛ ተባይ፣ የጉበት ችግር፣ ከኬጁ ሽቦ የተላሰ ዚንክ ወይም ቫይረስም ላባ ያስነጫል። በደብዳቤ የሚለይ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ራሱ ላይ ያለው ላባ ሙሉ ነው? የራሱን አናት በራሱ ምንቃር መድረስ ስለማይችል፣ እዚያም ከተመለጠ ራሱ እየነጨ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ያኔ በሽታ ቶሎ ይጠረጠራል። አናቱ ሙሉም ቢሆን በዚህ ሳምንት ወፍ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የላባ ሥር ደጋግሞ ከተጎዳ ላባው ተመልሶ ላይበቅል ይችላልና መዘግየት አያዋጣም። የኬጁንና የኩሱን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፤ ምን እንደሚበላም በግልጽ ንገሪው፤ ማፈር የለም።

እስከዚያው በግራም የሚመዝን ሚዛን ፈልጊና ጠዋት ቁርስ ሳይበላ መዝኚው። ግራጫ በቀቀን ባብዛኛው ከ400 እስከ 500 ግራም ነው። ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ነው። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ በዱር የታመመ ወፍ ይበላላ። ላባውን ነፍቶ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ ወይም በተነፈሰ ቁጥር ጭራው ከፍ ዝቅ ካለ መደበቅ አቅቶታል ማለት ነው።

ምግቡን ስትቀይሪ አትቸኩዪ። ለበቀቀን የተዘጋጀ ፔሌት (ተጨምቆ የተሠራ ደረቅ መኖ)፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ አረንጓዴ ቅጠል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ይጥለዋል። ይጣለው። ሱፉን በአንዴ ከከለከልሽው ግን ራሱን ሊያስርብ ይችላል፤ ሚዛኑ ለዚህም ነው የሚያገለግልሽ። አንቺ ፊቱ እየበላሽ ብታሳዪው ይቀላል፤ መንጋው የሚበላውን መቅመስ ይፈልጋል። አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ቡና ግን አፉ እንዳይደርስ፤ መርዝ ናቸው።

ደግሞም ሥራ ስጡት። ዱር ያለ ዘመዱ ከቀኑ ብዙውን ሰዓት ምግብ ሲፈልግ ነው የሚውለው። ጋሼ ግን በአምስት ደቂቃ በልቶ ጨርሶ ቀሪውን ቀን ምን ያድርግ? ያው ላባውን ይነጫል እንጂ። ምግቡን ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የወረቀት ኩባያ ውስጥ ደብቃችሁ፣ ካርቶን ውስጥ ወሽቃችሁ ስጡት። ይቅደድ፣ ያበላሽ። መጥረግ እንደሁ አሁንም እየጠረግሽ ነው፤ ከላባ ካርቶን ይሻላል።

ስለ ልጅሽ አጭር ነው፤ ድርድር የለበትም። ጋሼ ከኬጅ ሲወጣ ልጁ እዚያ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ወይም አልጋ ላይ አይሁን። ለአንድ ደቂቃም። ፍሬ የሚሰብር ምንቃር የሕፃን ጣት አይለይም። መዳህ ሲጀምር ኬጁ እጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። ግራጫ በቀቀን ከላባው የሚረግፍ ብናኝ አለው፤ ስለዚህ ልጁ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይደር። ኬጅ ካጸዳሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ። ሲታኮሲስ የሚባል ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ ሕመምም አለ፤ በመድኃኒት ይድናል። ከቤተሰቡ ሰው ትኩሳትና ሳል ከያዘው ለሐኪሙ «ቤታችን ወፍ አለ» በሉት።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ። ይሰጥ ወይስ ይቆይ?

«ስጪው» የሚለው የማን ድምፅ ነው? የአማትሽ ብቻ ነው ወይስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአንቺም ነው? የአንቺም ከሆነ አልፈርድብሽም። በደንብ የተያዘ ግራጫ በቀቀን ከ40 እስከ 60 ዓመት ይኖራል። ጋሼ ስሙ ጋሼ ይሁን እንጂ ገና ጎረምሳ ነው፤ ልጅሽ 30 ዓመት ሲሞላው እሱ 39 ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ነገር በአምስት ወር የእንቅልፍ ዕዳ ውስጥ ሆኖ መወሰን ግን ይከብዳል። ብትሰሚኝ ሦስት ወር ስጪው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ላባው ሁሉ አይመለስም፤ ላባ ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊቱ ጸጥ ብሎ፣ ንክሻው ቀንሶ፣ አዲስ መንጨት ካቆመ ግን መንገዱን ይዛችኋል።

ሦስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ወይም ከአሁኑ አቅሙ የለንም ካላችሁ፣ መስጠት ክህደት አይደለም። አሰጣጡ ላይ ነው ነገሩ። በቀቀን አሳድጎ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ። ሰውዬው ጥቂት ቀን እየመጣ ይጎብኘው፤ የሱፍ ፍሬም እሱ ይስጠው። ጋሼ ከኬጁ፣ ከመጫወቻውና ከፉጨታችሁ ጋር ይሂድ። የባለቤትነት ወረቀቱም ይከተለው። ግራጫ በቀቀን የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ ውሳኔ ወዲህ በጥብቅ ከሚጠበቁት ዝርያዎች አንዱ ነው፤ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ለአዲሱ ባለቤት ያስፈልገዋል። «ነጻ ልልቀቀው» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ተዪው። ምግብ መፈለግ አያውቅም፤ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው።

የባለቤትሽን ዝምታ እኔ ልተረጉምልሽ አልችልም። አንቺ ግን መጠየቅ ትችያለሽ። ልጁ ሲተኛ፣ ጋሼም ሲተኛ፣ «ዝም ያልከው ለእኔ አዝነህ ነው ወይስ ተናደህ?» በይው። ጣቱ የተሰፋ ሰው የመናደድ መብት አለው። ምናልባት ደግሞ «ስጪው» ብሎ አንቺን ላለማስከፋት ይሆናል አፉን የዘጋው። የሱፍ ፍሬውን ሥራ ስትሰጪውም እንደ ትእዛዝ አይሁን፤ እሱ እምቢ ካለ ዕቅዱ አይሠራምና ይህን ቀድመሽ ማወቅ ይሻላል።

ስለ ራስሽም አንድ ነገር። ወለል ላይ ቁጭ ብለሽ ያለቀስሽው በጋሼ ብቻ አይመስለኝም። ከወለዱ በኋላ እንዲህ ያለ ድካምና ሐዘን ለብዙ ሴቶች ይመጣል። ለቅሶው ከቀን ወደ ቀን ካልቀነሰ፣ ወይም ልጁ ተኝቶም አንቺ መተኛት ካቃተሽ ለሐኪምሽ ንገሪው። ነገ ከሰዓት አማትሽ ልጁን፣ ባለቤትሽ ጋሼን ይያዙና አንቺ ሁለት ሰዓት ተኚ። ዕቅዱን ከነገ ወዲያ ትጀምሪያለሽ።

ኬጁን ግን ዛሬ ማታ ሳትተኙ ከኩሽና አውጡት።